ብዙ የሚሮጡት፣ ጥቂት የሚተኙት፦ የስታንፎርድ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የእንቅልፍ ጉዳይ

እንቅልፍ እምቢ ላለው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሚሰጡት ምክሮች ሁሉ ፈጥኖ ወደ አፍ የሚመጣው «ስፖርት ሥራ» የሚለው ነው። ምክሩ መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና 66 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና፣ የአካል እንቅስቃሴ የሚያዘወትር ሰው እንቅልፍ ቶሎ እንደሚወስደው፣ የእንቅልፉም ጥራት በመጠኑ እንደሚሻሻል አሳይቷል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ ከሌላው ተማሪ ሁሉ የተሻለ ሊተኙ የሚገባቸው፣ በየቀኑ ለሰዓታት የሚሮጡት፣ የሚዘሉትና ክብደት የሚያነሱት የዩኒቨርሲቲው ቡድን ተጫዋቾች መሆን ነበረባቸው። ከዚህ በታች የቀረበውን ጉዳይ እንድመርጥ ያደረገኝ ነገሩ እንዲያ ሆኖ አለመገኘቱ ነው።

ጉዳዩ በካሊፎርኒያ የሚገኘውን የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2008 ባለው ጊዜ ከቡድኑ የተውጣጡ 11 ጤናማ ተጫዋቾች፣ አማካይ ዕድሜያቸው 19 ዓመት ከጥቂት ወር የሆኑ ወጣቶች፣ ለሳምንታት እንቅልፋቸውና የሜዳ ብቃታቸው ጎን ለጎን ተመዘገበ። ጥናቱን የመሩት ቼሪ ማህ ሲሆኑ፣ ከተባባሪዎቻቸው አንዱ ዊሊያም ዴመንት ነበሩ። ዴመንት ሕልም ከሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ጋር የሚያያዘውን ፈጣን የዓይን እንቅስቃሴ በ1950ዎቹ ካጠኑት ቀደምት ተመራማሪዎች የሚቆጠሩ፣ የጎደለ እንቅልፍ እንደ ብድር ይጠራቀማል የሚለውን «የእንቅልፍ ዕዳ» የተሰኘ አስተሳሰብም በሰፊው ያስተዋወቁ ሰው ናቸው። ውጤቱ በ2011 «ስሊፕ» በተባለው የሙያ መጽሔት ታተመ።

የጥናቱ መነሻ ድንገተኛ ነበር ማለት ይቻላል። ማህ ቀደም ሲል ተጨማሪ እንቅልፍ በአእምሮ ሥራ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ሲያጠኑ፣ ከተሳታፊዎቻቸው መካከል የዩኒቨርሲቲው ዋናተኞች ይገኙ ነበር። እነዚህ ዋናተኞች በዚያው ሰሞን ከዚህ በፊት ያላስመዘገቡትን የግል ምርጥ ሰዓት እንዳስመዘገቡ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ ሜዳ ወጣ።

የተጫዋቾቹ ሳምንት

የስታንፎርድ ተጫዋች በቅድሚያ ተማሪ ነው፤ ክፍል ይገባል፣ ጽሑፍ ያስረክባል፣ ፈተና ይቀመጣል። የውድድሩ ወቅት ከኖቬምበር ተነሥቶ እስከ ማርች ስለሚዘልቅ ከትምህርቱ ዓመት ሰፊውን ክፍል ይይዛል። በዚያን ጊዜ ቡድኑ ይወዳደርበት የነበረው ፓክ-10 የተባለው ሊግ አባላት ከአሪዞና እስከ ዋሽንግተን ግዛት ተበታትነው ይገኙ ስለነበር፣ ከሜዳ ውጭ የሚደረግ ግጥሚያ ብዙውን ጊዜ የአውሮፕላን ጉዞና የሆቴል አዳር ይጠይቅ ነበር። ኤንሲኤኤ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የአሜሪካ ኮሌጆች የስፖርት ማኅበር በውድድር ወቅት አንድ ተጫዋች በቡድን ሥራ የሚያሳልፈው ጊዜ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ነገር ግን ጉዞና የጉዳት ሕክምና በዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገቡም፤ የግጥሚያ ቀንም ምንም ያህል ቢረዝም የሚቆጠረው እንደ 3 ሰዓት ብቻ ነው። በወረቀት ላይ ያለው 20 ሰዓት በኑሮ ውስጥ ሲገባ ለምን እንደሚሰፋ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚህ ሳምንት ውስጥ የሚሠራው እንቅስቃሴም አንድ ዓይነት አይደለም። የሜዳው ልምምድ አጫጭር የፍጥነት ሩጫ፣ ድንገተኛ መቆምና ዝላይ የተደባለቁበት ነው፤ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ቡድኖች ከዚህ በተጨማሪ የክብደት ማንሳት ክፍለ ጊዜ አላቸው፤ ግጥሚያው ደግሞ በደማቅ መብራት ሥር፣ በደጋፊ ጩኸት መካከል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመሸ በኋላ ይካሄዳል። ተመራማሪዎች ለያይተው የሚያዩአቸው ዓይነቶች፣ ማለትም ልብና ሳንባን የሚያበረታው፣ ጡንቻን በክብደት የሚያሠራው እንዲሁም በኃይለኛ ቁርጥራጭ ጥረቶች የተሞላው፣ ሁሉም በአንድ ልጅ ሳምንት ውስጥ ተጠቃለው ይገኛሉ። ስለዚህ ይህ ቡድን የትኛው እንቅስቃሴ ይሻላል የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ ባይመልስም፣ ሁሉንም ዓይነት አብዝቶ የሚሠራ ተማሪ ምን ያህል ይተኛል የሚለውን ግን ጥርት አድርጎ ያሳያል።

መነሻው ሲለካ

በመጀመሪያዎቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንታት ተጫዋቾቹ እንደ ወትሯቸው እንዲኖሩ ተደረገ። በእጅ አንጓቸው ላይ የሚታሰርና እንቅስቃሴን እየመዘገበ የእንቅልፍን ርዝመት የሚገምት መሣሪያ ተሰጣቸው፤ ከዚያ ጎን ለጎን የተኙበትንና የነቁበትን ሰዓት በየቀኑ በማስታወሻ ይጽፉ ነበር። መሣሪያው የመዘገበው አማካይ እንቅልፍ በአዳር 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነበር። በዚህ ዕድሜ ላሉ ወጣቶች የእንቅልፍ ባለሙያዎች የሚመክሩት ከ7 እስከ 9 ሰዓት መሆኑን ስናስታውስ፣ በግቢው ውስጥ ሰውነታቸውን ከሁሉ አብዝተው የሚያደክሙት ልጆች ከዝቅተኛው ልክ በታች ይተኙ እንደነበር እናያለን።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት የሚገባው ሌላ ቁጥር አለ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው በማስታወሻቸው የጻፉት እንቅልፍ መሣሪያው ከመዘገበው ከ1 ሰዓት በላይ ይረዝም ነበር። የዋሹ አይመስለኝም፤ ሰው አልጋ ላይ ጋደም ያለበትን ሰዓት ያስታውሳል እንጂ እንቅልፍ የወሰደበትን ቅጽበት ወይም ሌሊት እየባነነ የተገላበጠበትን ጊዜ ቆጥሮ አያድርም። ነገሩ ከዚህ ቡድን ያለፈ ትርጉም አለው፤ ስለ ተማሪዎች ስፖርትና እንቅልፍ ከተደረጉት ጥናቶች እጅግ ብዙዎቹ በመጠይቅ ብቻ የተሠሩ ናቸውና። ስፖርት የሚሠራ ተማሪ «ደህና እተኛለሁ» ብሎ ሲመልስ፣ የለካው እንቅልፉን ነው ወይስ ስለ ራሱ ያለውን ጥሩ ስሜት? እንዲህ ዓይነት ጥናት በሚነበብበት ጊዜ ሁሉ አንባቢ ይህን ጥያቄ ማንሣቱ ተገቢ ይመስለኛል።

በተረፈ በቀን የሚሰማቸው የእንቅልፍ ስሜት ከዜሮ እስከ 24 ነጥብ በሚሰጠው ኤፕዎርዝ በተባለው መመዘኛ ሲታይ አማካዩ ወደ 10 የተጠጋ ነበር። ከ10 በላይ የሆነ ነጥብ ሐኪምን የሚያሳስብ ነው። እነዚህ ወጣቶች ታመው ሐኪም ዘንድ የሄዱ ሰዎች አልነበሩም፤ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን ላይ የሚጫወቱ ነበሩ።

ምን ተደረገ፣ ምን ተገኘ

ከዚያ በኋላ ባሉት ከ5 እስከ 7 ሳምንታት ተጫዋቾቹ በየአዳሩ ቢያንስ 10 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲያሳልፉ ተጠየቁ። ጉዞ ወይም ትምህርት ይህን ሲከለክላቸው በቀን ሸለብ እንዲያደርጉ ተመከሩ፤ ቡናና ሌላ ካፌይን ያለበት መጠጥ እንዲሁም አልኮል እንዲተዉ ተደረገ። የልምምዱ ዓይነት እንዲለወጥ አልተጠየቀም። የክብደት ማንሳቱ በሩጫ አልተተካም፤ ዮጋ አልተጨመረም። ተመራማሪዎቹ የነኩት አንድ ነገር ለመኝታ የተመደበውን ጊዜ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል፤ የቡናው ክልከላ ግን ወደ ኋላ የምመለስበት ነጥብ ነው።

በመሣሪያው የተለካው እንቅልፍ በአማካይ በ111 ደቂቃ ገደማ ጨምሮ ወደ 8 ሰዓት ተኩል ደረሰ። በየልምምዱ ማብቂያ ይለካ የነበረው የፍጥነት ሩጫ ከ16.2 ወደ 15.5 ሰከንድ አጠረ፤ በነፃ ውርወራ የሚያስቆጥሩት በ9 በመቶ፣ በሦስት ነጥብ ውርወራ የሚያስቆጥሩት ደግሞ በ9.2 በመቶ ተሻሻለ። የምላሽ ፍጥነታቸው ጨመረ፤ በኤፕዎርዝ መመዘኛ 10 ሊሞላ የነበረው ነጥብ ከ4 በታች ወረደ፤ ድካምና ንዴት ቀነሰ።

ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉ በጋዜጦች የተራገበው የውርወራው መሻሻል ነበር፤ ለአሠልጣኝ የሚጥመው ዜና እርሱ ስለሆነ አያስደንቅም። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የኤፕዎርዝ ነጥብ ማሽቆልቆል ነው። አንድ ሰው እንቅልፍ ሳይጎድለው 10 ሰዓት አልጋ ላይ ቢቀመጥ ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ሲቆጥር ያድራል እንጂ በየአዳሩ ወደ 2 ሰዓት የሚጠጋ ተጨማሪ እንቅልፍ ለሳምንታት አይተኛም። እነዚህ ልጆች የተሰጣቸውን ጊዜ ወዲያው በእንቅልፍ መሙላታቸው ሰውነታቸው እንቅልፍ ለመተኛት ዝግጁ እንደነበር፣ የጎደላቸውም መኝታ የሚሆን ጊዜ እንደነበር ያመለክታል። እንግዲህ ስፖርቱ ሥራውን ሠርቷል፤ የእንቅልፍ ፍላጎት ፈጥሯል። ፍላጎቱ የሚረካበትን ሰዓት የወሰደው ደግሞ ያው ስፖርት ከትምህርቱና ከጉዞው ጋር ተባብሮ ነው።

የእንቅስቃሴው ዓይነት ወይስ ሰዓቱ

የስታንፎርዱን ጉዳይ ስለ እንቅስቃሴ ዓይነቶች ከተደረጉ ሌሎች ሥራዎች ጋር ስናስተያይ ምስሉ የበለጠ ይጠራል። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ በ2012 በታተመ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሆኑ 51 ወጣቶች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለ3 ሳምንታት ከሰኞ እስከ ዓርብ በየጠዋቱ ለ30 ደቂቃ በመጠነኛ ፍጥነት ሮጡ። የአንጎል ሞገድ በሚመዘግብ መሣሪያ ሲታይ የሯጮቹ ጥልቅ እንቅልፍ ጨመረ፤ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው የሚቆዩበትም ጊዜ አጠረ። በአሜሪካ አፓላቺያን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በኮሌጅ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣቶች በተለያዩ ቀናት ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 7 ሰዓት እና ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ለ30 ደቂቃ ክብደት እንዲያነሱ ተደርጎ ነበር። ጠዋት ያነሱ ዕለት እንቅልፍ ቶሎ ወሰዳቸው፤ ምሽት ያነሱ ዕለት ደግሞ ሌሊት እየባነኑ የሚቆዩበት ጊዜ አነሰ። የምሽት ክብደት ማንሳት እንቅልፍ ይነሣል የሚለው የተለመደ ማስጠንቀቂያ በዚህ መጠን ላለው ሥራ ልክ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ኃይለኛ እንቅስቃሴ ግን የተለየ ነው። በአውስትራሊያ የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2025 ባወጡት ሥራ ወደ 14,700 የሚጠጉ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ያሳለፏቸውን 4 ሚሊዮን ያህል አዳሮች በእጅ ላይ ከሚታሰር መሣሪያ በተገኘ መረጃ መርምረዋል። ከመኝታ በፊት ባሉት 4 ሰዓታት ውስጥ የሚጠናቀቅ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንቅልፍን ከማዘግየት፣ ከማሳጠር፣ ሌሊትም የልብ ምትን ከፍ ከማድረግ ጋር ተያይዞ ተገኘ፤ ጥንካሬው በጨመረ መጠን ተጽዕኖውም ይጨምር ነበር። ቅርጫት ኳስ፣ እግር ኳስና የመሳሰሉት ግጥሚያዎች ከዚህ ክፍል ይመደባሉ። ከመሸ የተጫወተ ልጅ የሰውነት ሙቀቱ ከፍ እንዳለ፣ ልቡም እንደመታ ወደ ማደሪያው ይመለሳል፤ እንቅልፍ ደግሞ የሚመጣው ሙቀት ሲወርድና ልብ ሲረጋ ነው።

ይህን የሚቃረን የሚመስል ማስረጃ መኖሩን መደበቅ አይገባም። በ1999 በታተመ ሙከራ ላይ በጣም የጠነከሩ 16 ብስክሌተኞች ለ3 ሰዓት ያህል ሲጋልቡ ቆይተው፣ በጨረሱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተኝተው እንቅልፋቸው አልተዛባም። ተቃርኖው ግን የሚመስለውን ያህል የጠለቀ አይደለም። በቤተ ሙከራ ብስክሌት የሚጋልብ ሰው ብቻውን ነው፤ ተሸንፎ አይበሳጭም፣ አሸንፎም አይጨፍርም፣ በመጨረሻው ደቂቃ የሳተውን ኳስ እያሰበ አይገላበጥም። ከአካል ድካም ሌላ የስሜት ግለት የሚባል ነገር አለ፤ እርሱን በላብ ብቻ መለካት አይቻልም።

ሌላው የጠዋቱ ጉዳይ ነው። በ2019 የታተመ ሥራ እንደሚያሳየው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወይም ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ እንቅስቃሴ የሰውነትን የውስጥ ሰዓት ወደ ፊት ያመጣል፤ ማለትም እንቅልፍ ቀደም ብሎ እንዲመጣ ይረዳል፤ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት ያለው ደግሞ ያዘገየዋል። የ19 ዓመት ወጣት የውስጥ ሰዓት በተፈጥሮው የዘገየ በመሆኑ፣ ከዚህ ብቻ ተነሥቶ ሁሉም ተማሪ በማለዳ ይሩጥ ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። በ2014 የታተመው የአውስትራሊያ ዋናተኞች ጥናት ግን ለዚህ ፍርድ ጥሩ ማርከሻ ነው። ለ2008ቱ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ይዘጋጁ የነበሩት 7 ዋናተኞች ልምምዳቸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲጀምር፣ በዋዜማው አዳር የተኙት በአማካይ 5.4 ሰዓት ብቻ ነበር፤ የዕረፍት ቀን ሲሆን 7.1 ሰዓት ይተኙ ነበር። ዋና በዓይነቱ ለስላሳ፣ መገጣጠሚያ የማይጎዳ፣ ልብና ሳንባን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ነው፤ ሰዓቱም በመጽሐፍ የተመሰገነው ማለዳ ነው። ያም ሆኖ ወፍ ሳይንጫጫ የሚነሣ ወጣት ማታ በዚያው ልክ ቀደም ብሎ እንቅልፍ ስለማይወስደው፣ ያጣውን እንቅልፍ ከየትም አያገኘውም። ጎህ ሳይቀድ ወደ እንጦጦ የሚወጡትን የአዲስ አበባ ሯጮች የሚያውቅ ሰው፣ የእነርሱ ምሥጢር የንጋቱ ሩጫ ብቻ ሳይሆን በጊዜ መተኛታቸውና ከልምምድ በኋላ በቀን ጋደም ማለታቸው ጭምር መሆኑን ይረዳል፤ ክፍል የሚገባ ተማሪ ይህ ዕድል የለውም።

በመሆኑም የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ለተማሪ እንቅልፍ የእንቅስቃሴው ዓይነት ልዩነት ያመጣል፤ ነገር ግን የሚያመጣው ልዩነት በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። እንቅስቃሴው የተቀመጠበት ሰዓትና ከሌሊቱ የሚቆርሰው ጊዜ ግን በሰዓታት ይቆጠራል።

ጉዳዩ የማያስረዳው

የስታንፎርዱ ጥናት ድክመቶች ትንሽ አይደሉም። ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ ሁሉም ተጫዋቾች እንቅልፋቸውን አራዘሙ፣ ሁሉም ምን እንደሚጠበቅባቸው ያውቁ ነበር። የውድድሩ ወቅት እየገፋ ሲሄድ ተጫዋች በልምምድ ብዛት ብቻ ሊፈጥንና ውርወራው ሊሰምር ይችላል፤ ስለዚህ ከ0.7 ሰከንዱ ውስጥ የትኛው የእንቅልፍ፣ የትኛው የልምምድ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ካፌይን መከልከሉም ነገሩን ያወሳስበዋል፤ ከሰዓት በኋላ ቡና መጠጣት ያቆመ ሰው ያለ ሌላ ለውጥም የተሻለ ሊተኛ ይችላልና። ሁሉም ወንዶች ነበሩ፤ ቁጥራቸውም 11 ብቻ ነው። እነዚህ ክፍተቶች የውርወራውን ቁጥር በጥንቃቄ እንድንይዝ ያስገድዱናል፤ መነሻው ላይ በመሣሪያ የተለካውን 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ግን አይነኩትም፤ እርሱ ምንም ሙከራ ሳይጀመር የተገኘ ነውና።

ጉዳዩን ወደ እኛ አገር ግቢዎች በቀጥታ ማምጣትም አይቻልም። በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ላይ የተደረገውና በ2012 የታተመው ጥናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የእንቅልፋቸው ጥራት ዝቅተኛ እንደሆነ አሳይቷል፤ በዚያ ጥናት የተጠየቀው ስለ ቡናና ጫት ጭምር ነው። ብዙ ተማሪዎች በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ዶርም ውስጥ አንዱ 10 ሰዓት ልተኛ ቢል፣ ሌላው መብራት አብርቶ ለፈተና ሲያነብ፣ ሦስተኛው በስልክ ሲያወራ ምን ያህሉን ይሳካለታል? የስታንፎርዱ ልጅ የጎደለው ጊዜ ነበር፤ የእኛው ተማሪ ጊዜውን ቢያገኝ እንኳ ጨለማና ጸጥታ ሊጎድሉት ይችላሉ።

የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪዎች ግን ችግሩ የሰዓት መሆኑን ዘግይተውም ቢሆን የተረዱት ይመስላል። በ2017 መጀመሪያ ላይ አምስቱ ትልልቅ ሊጎች ባጸደቁት ደንብ መሠረት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ተከታታይ 8 ሰዓታት ከማናቸውም የግዴታ የስፖርት ሥራ ነፃ እንዲሆኑ ተደረገ። በ8ቱ ሰዓት ውስጥ ተጫዋቹ መታጠብ፣ እራት መብላት፣ ለነገ የሚያስረክበውን ጽሑፍ መጨረስ፣ ልቡ እስኪረጋም መጠበቅ አለበት። የስታንፎርዶቹ 11 ልጆች 8 ሰዓት ተኩል ለመተኛት 10 ሰዓት አልጋ ላይ መመደብ አስፈልጓቸው ነበር።